በበጋ የሚያፈሰው ቤት

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ላደርግ ወገቤን ይዤ ስገፋ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ግድግዳው ጠቁሯል። ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት ይመስላል፤ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ደረቴ ደርሷል። በጣቴ ብነካው ይቀዘቅዛል፣ ይለሰልሳል። ምራቴ ትዕግስት ከአልጋዋ ሆና «እማማ፣ ምን አገኙ?» አለችኝ። «ሻጋታ» አልኳት እንጂ ያገኘሁትስ ሌላ ነው። ያገኘሁት የአባቴን መኝታ ነው። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዘመን አልፏል፤ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ጥርሴ ረግፏል፤ አፍንጫዬ ግን አላረጀም። ሽታው እንዳለ ነው፤ እርጥብ ጆንያ፣ ያልደረቀ ጋቢ፣ የከረመ ትንፋሽ።

ልጄ ጌታሁን ይህን ቤት የሠራው ነፋስ መውጫ ከተማ ላይ ነው። እኔ የምኖረው ታች፣ አርብ ገበያ ነው፤ ምራቴ ስለ ወለደች አራስ ልጠብቅ፣ እንደ ልብ በማይሄዱበት በዚህ ጊዜ፣ መንገድ ለምኜ መጣሁ። ቤቱ ያምራል፣ አይካድም። ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ከጣራው ሥር ነጭ ጂፕሰም ተለጥፎለታል፤ መስኮቱ አልሙኒየም ሆኖ ሲዘጋ እንደ ድስት ክዳን ግጥም ይላል። ችግሩም እሱ ነው። ወጡ ሲንተከተክ፣ የሕፃኑ ጨርቅ እዚያው ክፍል ውስጥ በገመድ ተሰጥቶ ሲተን፣ እኛም ስንተነፍስ፣ ያ ሁሉ እንፋሎት የሚሄድበት የለውም። ጧት ጧት የመስኮቱ መስተዋት ያልበዋል፤ ውኃው ወርዶ ከደፉ ላይ ይታቆራል። ትዕግስት ደግሞ የቀረችውን ስንጥቅ በፕላስተር ለጥፋ፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ወትፋለች። ለምን ቢሏት፣ ብርድ ነዋ! ሕፃኑን ምች እንዳይመታው ነዋ! ነፋስ መውጫ በሚባል ከተማ ነፋስ መውጫ የሌለው ቤት። ብስቅ ደስ ባለኝ። ግን ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ያንን ድምፅ ደግሞ አውቀዋለሁ።

ያኔ በልጅነቴ ቤታችን ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ክብ የሣር ቤት። አባቴ መሪጌታ ጥበቡ የዜማ መምህር ነበሩ። ሲያስተምሩ ድምፃቸው ገደሉን ተሻግሮ ይሰማል፤ ማዶ የሚያርስ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ያደምጥ ነበር። ሀብታችን ያ ድምፅ ነበር፤ እንጀራችንም፣ ክብራችንም። የሣሩን ቤት ደግሞ ላሞጋግሰው አልፈልግም። ጨለማ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ጥቀርሻው እንደ ክር ተንጠልጥሎ አንዳንዴ ከወጡ ውስጥ ይወድቃል። ነገር ግን እሳቱ ከመሐል ይነድዳል፣ ጢሱ ወዲያ ወዲህ ብሎ በክዳኑ ሣር መካከል እየሾለከ ይወጣል፤ ጧት ከሩቅ ለሚያየው ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። የአባቴ የዜማ መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ብራናው ከመድረቁ የተነሣ ሲገለጥ ቋ ቋ ይላል። በብርድ ወራት እንኳ ቡሉኳችንን ለብሰን ስንነሣ ጢስ ጢስ እንሸታለን እንጂ እርጥበት የሚባል አናውቅም።

ቆርቆሮው የመጣው ከአባቴ ተማሪዎች አንዱ ከተማ ገብቶ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ደበሎ ለብሶ ከእናቴ እጅ ቆሎ እየተቀበለ የተማረ ልጅ ነበር፤ ውለታ አልረሳም። «የኔታ እስከ መቼ በሣር ቤት ይኖራሉ?» ብሎ ቆርቆሮውን ከነሚስማሩ ላከ። በዚያ ዘመን አንድ ቆርቆሮ የአንድ ሙክት ዋጋ ያወጣ ነበር። አርብ ገበያ ላይ ስሙኒ የያዘች ልጅ ጨው ገዝታ፣ መርፌ ገዝታ፣ ለራሷም ከረሜላ ይተርፋት ነበር። ከጨው ተራው ጥግ አቡጀዲ በክንዱ እየለካ የሚቀድ ነጋዴ ነበር፤ ክንዱ አጭር ስለ ነበረ ሴቶቹ ሁሉ «እስቲ በእኔ ክንድ ለካው!» እያሉ ይከራከሩት ነበር። ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ካለ ወይ መምህር ነው ወይ ከሳሽ። ተሸካሚዎቹ ያንን የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ በትከሻቸው ይዘው በገበያው መሐል ሲያልፉ ገበያተኛው መንገድ ለቀቀ። ክንደ አጭሩ ነጋዴ ሳይቀር መቀሱን አስቀምጦ ቆመ። ቤቱ ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ ሴቶቹ እንዲህ ብለው ዘፈኑ፦

«ዘንድሮስ ፀሐዩ ሁለት ሆኖ በራ፣
አንዱ ከሰማዩ፣ አንዱ ከየኔታ ጣራ።»

አዲሱ ቤት ባለ ማዕዘን ነው። ግድግዳው ተመርጎ በነጭ አፈር ተለቀለቀ። ነጩ እንዳይጠቁር፣ ቆርቆሮውም ጥቀርሻ እንዳይዝ ተብሎ ምድጃው ከቤት ወጥቶ ጓሮ ጎጆ ተሠራለት። አናጢው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ዙሪያውን ክፍተት ትቶ ነበር። እናቴ ግን አልወደደችውም። እናቴ የሻረግ ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። አንድ ቀን አዝላው ምንጭ ወረደች፤ ስትመለስ ያ የጋይንት ነፋስ ከኋላዋ መጣ። ልጁ በዚያው ታሞ ቀረ። «ነፋስ መታው» ተባለ፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ ነፋስን እንደ ሰው ትጠላው ነበር፤ እንደ ባለ ደም። ስለዚህ ክፍተቱን ራሷ ጭቃና ጭድ አቡክታ ደፈነችው። ቤቱ አንዲት መስኮት ብቻ ነበረችው፤ የጣውላ መዝጊያዋን ከውስጥ ቀርቅራ ጠርዙን በአሮጌ ሸማ ወታተፈችው። ስትጨርስ እጇን አራግፋ «እንግዲህ ከየት እንደምትገባ አያለሁ» አለች። ነፋሱን ነው።

ኅዳር ገባ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደጅ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። አንድ ጧት አባቴ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ግንባራቸው ላይ ጠብ አለባቸው። ቀና ብለው አዩ፤ ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር በጠብታ ተሞልቷል፤ እያንዳንዷ ጠብታ ትወፍርና ትወድቃለች። ወጥተው ሰማዩን አዩ። ደመና የሚባል የለም። በክረምቱ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ አንዲት ጠብታ ያላሳለፈ ቤት በበጋ አፈሰሰ።

ይህ ወሬ አገሩን አዳረሰ። እኛ ልጆቹ አፈርን። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዞር ብሎ ቤታችንን ያይና ያማትባል። አንዲት ጎረቤት «ቤቱ እያለቀሰ ነው፣ የሚያለቅሰው አውቆ ነው» ብላ ተናገረች፤ እናቴም ይህን ቃል ሰማችው። መጀመሪያ ሚስማሩ የገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ለጧፍ ባስቀመጥነው ሰም አስደፈነች፤ ሰሙ አልቆ ቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ሲያጣ እናቴ ቀና ብላ መሄድ ተሳናት፤ ጠብታው ግን አልቆመም። ቀጥሎ ቄስ ተጠርተው በየማዕዘኑ ጠበል ረጩ፤ መደቡ፣ ቁርበቱ፣ ጋቢው ሁሉ ራሰ። ጠበልን በክፉ አላነሣም፣ አፌን ይቆርጠዋል፤ ግን ውኃ የበዛበትን ቤት በውኃ አከምነው። ወዲያው ግድግዳው ሥሩ ጠቆረ፣ ያ ሽታ መጣ። አባቴ አንድ ቀን መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ ሊያወጡ ቢሉ ቆዳው ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ሳቁ። «እኔ ጢሜ ሳይሸብት መጽሐፌ ቀደመኝ» አሉ። እናቴ አልሳቀችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ በማግሥቱ ተመልሶ በቀለ፤ ደግሞ ጠረገችው።

ከዚያ ሳሉ መጣ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው፤ መጀመሪያ ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ድምፃቸው ከፍ ያለው ዜማ ላይ ሲደርስ መሰንጠቅ ጀመረ፣ በኋላ ሲተኙ ደረታቸው ሲር ሲር ማለት። የመሪጌታ ድምፅ ሲሰነጠቅ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። እናቴ ምች ነው አለች፤ ሌላ ምን ሊሆን? ጓሮ ወርዳ ዳማከሴ ቀጠፈች፤ ባሕር ዛፍ ቅጠል በትልቁ ማሰሮ አፍልታ አምጥታ፣ አባቴን ከነማሰሮው በጋቢ ሸፍና አጠነቻቸው። እንፋሎቱ ከጋቢው ሥር ተነሥቶ ጣራው ላይ ይወጣል። እኔም ከመደቡ ላይ ሆኜ ወደ ላይ ሲሄድ እያየሁ፣ ነገ በጧት በላያችን እንደሚወርድ አላወቅሁም። ሲያስላቸው ታጥናለች፤ ስታጥን ቤቱ ይረጥባል፤ ሲረጥብ ያስላቸዋል። የምታደርገው ሁሉ ከፍቅር ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢኖርበት እሱን ረግሜ ይወጣልኝ ነበር።

ነገሩ የገባቸው አባቴ ናቸው። አሮጌው የሣር ቤት ገና አልፈረሰም፤ ተማሪዎቹ እሳት እያነደዱ ያድሩበት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ በትራቸውን ተደግፈው እዚያ ገቡና ለተማሪ ዜማ ሊያርሙ ተቀመጡ። እኔ ደጅ እህል አሰጣለሁ። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ወጣ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ሳይሰነጠቅ። እናቴ ከጓሮ እየሮጠች መጣችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ «ተመስገን፣ ዳኑ!» አለች። አባቴ ግን ሲወጡ ፊታቸው አልበራም። ወደ አዲሱ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ጋብ ሲል እንዲህ አሏት፦

«የሻረግ፣ ስሚኝማ። ድምፄ እዚያ ቤት አለ፤ እዚህ ስመጣ ይጠፋል።»

«በስመ አብ! ማን ነው የያዘብዎ? ማን ምን አደረገብን?»

«ማንም ምንም አላደረገ። ዜማ ስናስተምር ቁርጥ የምንላት ምልክት አለች፤ እዚያ ላይ ዘማሪው ትንፋሹን ይጥላል። ካልጣለ ይታፈናል። ይህ ቤት ቁርጥ የለውም። እኛ እንተነፍሳለን፣ ትንፋሻችን የት ይሂድ? ከቆርቆሮው ደርሶ ይቀዘቅዛል፣ ውኃ ሆኖ ይመለስብናል። የሚወርድብን ዝናብም አይደል፣ መቅሠፍትም አይደል። የገዛ ትንፋሻችን ነው።»

እናቴ ቀና ብላ ጣራውን አየች። የገባት መሰለኝ። አባቴም መስሏቸው ቀጠሉ፦

«መስኮቷን እንክፈታት። ወለል አድርጊ አላልኩሽም። ስንዝርም አላልኩሽ። አንድ ጋት ብቻ፤ አራት ጣት የምታስገባ።»

«አንቱ!» አለች እናቴ። «ያንን ልጄን የበላብኝ እኮ አራት ጣትም አልሞላ። በነጠላዬ ቀዳዳ ነው የገባ። አንቱን ደግሞ አልሰጥም። እርሜን ልብላ አልሰጥም።»

አባቴ ትክ ብለው አዩዋት። ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ ቃላቸው የማይመለስ ሰው ነበሩ፣ ተማሪ ሁሉ ይፈራቸዋል። በእሷ ላይ ግን አልሆነላቸውም፤ በአሮጌው ቤት ልደር ቢሉም ነፋስ ይገባበታል ብላ እንደማትለቃቸው ያውቃሉ። እኔን በዓይናቸው ጠርተው መጽሐፉን ወደ አሮጌው ቤት እንድወስደው ሰጡኝና፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እሷ ከምትሸበር እኔ ባስል ይሻላል» አሉኝ። መጽሐፉን ወሰድኩት። ከጢሱ ዘንድ ሰቀልኩት፤ በሳምንቱ ጸጉሩ ረገፈ። መጽሐፉ ዳነ።

የዚያን ዓመት ጥምቀት አባቴ ከቤት አልወጡም። ታቦቱ ሲያልፍ ተማሪዎቻቸው ነበሩ የሚያዜሙት፤ እሳቸው ቡሉኮ ደርበው፣ በተዘጋው መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ድምፁ በጣውላው አልፎ ደብዝዞ ይገባል። አንዱ ተማሪ የሆነ ቦታ ላይ ሲሳሳት ሰምተው ሊያርሙት እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ አወረዱት። ጥር ሳያልቅ ዐረፉ። የያዛቸው በሽታ ምን እንደ ነበር የሚነግረን ሐኪም አልነበረም፤ ምናልባት መስኮቱ ቢከፈትም አይተርፉም ነበር። ይህን ለራሴ ስንቴ ነግሬዋለሁ። እናቴ እጃቸውን ይዛ ነበር፤ ሌላው እጇ መዝጊያው ላይ የወተፈችው ሸማ እንዳይወድቅ ይደግፍ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ያለው ሰው እናቴን ያወቃት ይመስለኛል።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ከስማዳ፣ ከእስቴ ሳይቀር ያስተማሯቸው መጡ። የለቅሶ ቤት በሩ አይዘጋም፤ ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ ቀን ከሌት እንደ ተከፈተ ዋለ አደረ። ቦታ ስለ ጠበበ ወንዶቹ ለብርሃን ብለው መስኮቷንም ከፈቷት፤ እናቴ በኀዘን ደንዝዛ አላየችም። ደጅ እሳት ነደደ፤ ነፋሱ በመስኮት ገብቶ በበር ይወጣል። በሠልስቱ ጧት ሴቶች ከበዋት ተቀምጣ ሳለ ደገፍ ብላ የነበረበትን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው። ደግሞ ነካችው። ቀና ብላ ጣራውን አየች። ጠብታ የለም።

«ደርቋል» አለች።

ሴቶቹ እንባዋን መስሏቸው «አልቅሺ እናቴ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ» አሏት። እኔ ብቻ ነኝ ያወቅሁት። ተነሥታ የመስኮቱን መዝጊያ ያዘችው፣ ነቀነቀችው፣ ከነማጠፊያው ነቅላ ደጅ ወረወረችው፤ ከዚያ ነው የጮኸችው። እንዲህ ያለ ጩኸት በአስከሬኑ ላይ እንኳ አልጮኸችም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። መንግሥት ሲሄድ መንግሥት ሲመጣ፣ ሰው ካኪውን ጥሎ ሌላ ሲለብስ፣ ስሙኒ ጨው እንኳ መግዛት ሲያቅታት፣ ያቺ መስኮት መዝጊያ አልተደረገላትም። በታኅሣሥ ውርጭ ደርባ ደራርባ ከፊቷ ትተኛለች። ሰው «እማማ የሻረግ፣ ብርዱን እንዴት ቻሉት?» ሲላት «ብርድስ ይለመዳል» ትል ነበር። ዜማ ግን ከዚያ ወዲህ ከቤታችን አልተሰማም። ቤቱ ደርቆ፣ ነጭ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለትዕግስት ነገርኳት፤ ሁሉንም ግን አይደለም። አባቴ የለመኑትን አልነገርኳትም፤ ከአፌ አልወጣ ብሎ። ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታደምጠኝ ቆየችና «ታዲያ እማማ፣ ምች ቢመታውስ? እርስዎ ይጠየቃሉ?» አለችኝ። ተቆጣች፤ ተቆጣሁ። «ከነፋሱ ፊት አስተኚው አልኩሽ? ልብሱን ደራርቢለት፣ አልጋውን ወዲያ አዙሪው። ድስቱን ክደኚ። ያንን ጨርቅ ደጅ አስጪው፣ ፀሐይ ያለው ለማን ነው? ጧት መስተዋቱን ጥረጊ፣ ሳጥኑን ከግድግዳው አርቂ። ቤቱ ግን ይተንፍስ!» ብዬ ጮኽኩ። ጌታሁን ከሥራ ሲመለስ ሁለታችንንም አኩርፈን አገኘን። ግድግዳውን አሳየሁት፤ ጨርቅ በበረኪና ነክሮ ጠረገው። ቁም ሳጥኑን ግን ወደ ቦታው አልመለሰውም።

በማግሥቱ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ፕላስተር ሲላጥ ነው። ሄጄ ከበሩ ላይ ቆምኩ። ትዕግስት ሕፃኑን ጠቅልላ፣ አልጋውን ከማዶው ግድግዳ አስጠግታ፣ መስኮቱን በሁለት እጇ እየገፋች ነበር፤ እንደ ከባድ ነገር፤ እናቴ የነቀለችው መዝጊያ ትዝ አለኝ። የጋይንት ነፋስ ቀጭን ሆኖ ገባ፤ መጋረጃውን ትንሽ አንቀሳቀሰ። ፈርታለች። ልጁን አየች፣ እኔን አየች።

«እማማ፣ ለጊዜው ይቺን ታህል ትበቃለች?»

ሄድኩና እጄን በክፍተቱ አስገባሁት። አውራ ጣቴ ውጭ ቀረች፤ አራቱ ጣቶቼ ገቡ። መስተዋቱ ላይ የነበረው ውኃ ከጠርዙ ጀምሮ መሸሽ ጀምሯል። ትዕግስት መልስ ትጠብቃለች። አባቴ የለመኑት ይህችን ነበር።